ዓይን ያለው ሰው

«አንድ ነገር ስጪኝ፣ ልጄ» አሉ እትዬ አስቻለች። «ባዶ አፍ አያስለቅስም።»

ሰሎሜ ከድንኳኑ ጀርባ፣ ለነገው የባሏ ሰልስት ሽንኩርት ከሚልጡት ሴቶች ራቅ ብላ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። አልቃሿ አጠገቧ ቁጢጥ አሉ። በሞጣና በዙሪያዋ እሳቸው ያልቆሙበት ለቅሶ እንደ ለቅሶ አይቆጠርም፤ እሳቸውም ይህን አሳምረው ያውቁታል። ሙሾ ከማውረዳቸው በፊት ወደ ሟቹ የቅርብ ሰው ጠጋ ብለው መጠየቅ ልማዳቸው ነው። ምን ይወድ ነበር? በምን ይስቅ ነበር? ሲቆጣ ምን ይላል? የሰጧቸውን ግጥም አድርገው ያወርዱታል፤ ሕዝቡም ይንሰቀሰቃል።

«ጥሩ ሰው ነበር ይበሉ» አለች ሰሎሜ።

«ጥሩ ሰውማ ስንቱ ሞተ! ለጥሩ ሰው ማን ያለቅሳል? ‹ነፍስ ይማር› ይልና ንፍሮውን ይቆረጥማል እንጂ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰው የሚያለቅሰው ለሟቹ እንዳይመስልሽ። የራሱን ነገር እዚያ ውስጥ ሲያገኝ ነው። በቀደም ለአንዲት ባልቴት ቆሜ፣ ልጇ ይመጣል ብላ ደጇን ሳትዘጋ ታድር እንደነበር ባነሳ፣ ልጁ ዓረብ አገር የሄደበት ሁሉ መሬት ወደቀ። የባልቴቷን ስም እንኳ የማያውቅ! አንድ ነገር ነው የምፈልገው። ትንሽ ትሁን፤ እውነት ትሁን እንጂ።»

«የምሰጥዎት የለኝም፣ እትዬ።»

«ይህን ሁሉ ዓመት አብረሽው ተኝተሽ?»

«የለኝም።»

አልቃሿ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። «ዝምታ ለበግም አልበጃት» አሉ፣ ነጠላቸውን እያራገፉ። «አንቺ ካልሰጠሽኝ ከድንኳኑ እለቅማለሁ።»

ሽንኩርት ላጮቹ ሁሉንም ሰምተዋል። «በቀብሩ ቀንም እንዲሁ ነበረች» አለች አንደኛዋ። «እንባ ጠብ አላለላትም።»

«የተማረች ናታ! እሷ እንባዋም በማመልከቻ ነው የሚወጣው።»

ተሳሳቁ። ሰሎሜ ሰማቻቸው፤ አልከፋትም። ቢቸና ከተማ ኬሚስትሪ ታስተምራለች፤ ልቧን አደባባይ ይዛ መውጣት ከልጅነቷም አይሆንላትም። ደረቷን ብትደቃ፣ አንዴ አፏን ብትከፍት ግን፣ መዝጊያው በእጇ እንደማይሆን ታውቃለች። አፏ ውስጥ ደግሞ የባሏ የታዘበው አደራ አለ።

ታዘበው የሞጣ ልጅ ነበር፤ ቢቸና አማርኛ ያስተምር ነበር። ሁለቱም ከተሞች የሚያውቁት ግን በመምህርነቱ ሳይሆን በጨዋታው ነው። የትም ቢሆን ቆሞ አያወራም። ቀኝ እጁን በሰው ትከሻ ላይ ጣል ያደርግና እየሄደ ነው የሚተርከው። «ታዘበው ትከሻህን ከያዘ ቤትህን አልፈህ ትሄዳለህ» ይሉ ነበር። የገበያ ሸክም ያለባት ሴት ሳትቀር ትከሻዋን ትሰጠዋለች። እጁ ያረፈበት ሰው ከሕዝብ መካከል የተመረጠ ይመስለው ነበር።

ተማሪዎቹን እንዲህ ይላቸው ነበር፦ «ተረት ስትነግሩ ሁሉን ጥርቅም አድርጋችሁ አትዝጉት። ሰሚው ገብቶ የሚቀመጥበት ቦታ ክፈቱለት። ያን ጊዜ ተረቱ የእናንተ መሆኑ ይቀራል፤ የሱ ይሆናል።»

አሁን የሱ የራሱ ሞት ክፍት ቦታ ያለው ተረት ሆኖ ነበር።

የሚታወቀው ይህን ያህል ነው። ታዘበውና ጓደኛው ፋንታ፣ የሒሳብ መምህሩ፣ አባቱ የሞተበት ተማሪያቸውን ሊያጽናኑ ከቢቸና ወጣ ወዳለ መንደር በእግር ሄዱ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፤ ወንዙ ጎድሏል፣ ዳርቻው ግን ተቦርቡሯል። ፋንታ ጥልቀቱን በዱላ ሊለካ ቀድሞ ወረደ። ታዘበው ከኋላ መጣ፤ መንገዱን ትቶ የተቦረቦረውን ገደል ረገጠ። ፋንታ ሊያወጣው ዘሎ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ፤ ሬሳው ከታች ተገኘ። ፋንታ ጤና ጣቢያ ተኝቶ ቀብር አልመጣም። ቃሉ የመጣው በሰው ስልክ ነው፦ «መሬት ያለ ይመስል ረገጠ» አለ ተባለ።

ይህች ቃል ድንኳኑ ውስጥ ገባችና አልወጣ አለች። ዓይን ያለው ሰው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እንዴት ገደል ይረግጣል?

በቀብሩ ምሽት ጥያቄው ብቻ ነበር። ከዚያ አንድ ሰው ሁለቱ ለምክትል ርዕሰ መምህርነት መወዳደራቸውን አስታወሰ፤ ይህ እውነት ነው። ሌላው ፋንታ ዱላ ይዞ እንደነበር ተናገረ፤ ይህም እውነት ነው። ከዚያ ወዲያ ዱላው ውኃ መለካቱን ተወ። የማን አፍ ላይ እንደተለወጠ የሚያውቅ የለም።

ከሰዓት በኋላ እትዬ አስቻለች ድንኳኑ ፊት ቆሙ። የለቀሙትን አወረዱት።

«አብረው ወጥተው ነበር ሁለት ባልንጀሮች፣
አንዱ አፈር ለበሰ፣ አንዱ አለ ከሰዎች።
ወንዝማ ምን ያውቃል፣ መውሰድ ነው ልማዱ፣
ዱላውን ጠይቁት፣ እሱ ጋ ነው ጉዱ።»

ድንኳኑ አንድ ላይ ተነፈሰ፤ ከዚያ ጩኸቱ መጣ። በቀብሩ ቀን እንኳ እንዲህ አልተለቀሰም። ሰሎሜ በሸራው ቀዳዳ ተመለከተች። ወንዶቹ የሚያዩት አልቃሿን አልነበረም፤ የታዘበውን ታናሽ ወንድም ቢያድግልኝን ነው። አንዱ ሽማግሌ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ፣ «ወንድም የሌለው ሰው ብቻውን ይሞታል» አሉ፤ ሌላው «ወንድምስ ነበረው» ሲል መለሰላቸው። ቢያድግልኝ ተነሥቶ ወጣ። ሲመለስ ወፍራም ጃኬት ለብሶ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ሰው በሙቀት ነጠላውን እያወለቀ፣ እሱ እስከ አንገቱ ቆልፎ ተቀመጠ። ቀኝ እጁ ጃኬቱ ውስጥ ነው።

ሳሊሃ ሰሎሜን ከኋላ በኩል ጎተተቻት። የጎረቤት ልጅ ናት፤ ከታዘበው ጋር አንድ ግቢ ነው ያደገችው፤ ገበያው መግቢያ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላት።

«ሰሎምዬ፣ ወሬው ሱቄ ድረስ ደርሷል። ከየጥኖራ የመጣች ሴት፣ ታዘበውን በዓይኗ አይታው የማታውቅ፣ ጨርቅ እያስቆረጠች አለቀሰችብኝ። ጓደኛው በዱላ ገፋው አለችኝ። ‹ኧረ እንዲያ አልተባለም› ብላት ተቆጥታ ጨርቁን ጥላልኝ ልትሄድ!»

«ለምን አመነችው?»

«የሷን ወንድም ያስገደለው ጓደኛው ነዋ! ታዘበው ለሷ ማን ሆነና? ወንድሟን ነው የምታለቅሰው።» ሳሊሃ ወደ ድንኳኑ አየት አደረገች። «ፋንታ ነገ ከቢቸና መምህራን ጋር ይመጣል አሉ። እውነት ነው?»

«ይመጣል። ደውሎልኛል።»

«ይቅርበት በይው፣ በአላህ።»

ሰሎሜ ስልኳን አወጣች፤ መልሳ ከተተችው። ከሰልስት ከቀረ፣ ለምን ቀረ የሚለው ደግሞ ሌላ ክፍት ቦታ ይሆናል። ሰው ያንንም ይሞላዋል።

ባለፈው ዓመት ባሕር ዳር ሐኪሙ ታዘበውን አንዱን ዓይን እያስከደነ ብዙ አስቆጠረው። የዓይን ግፊት ነው አለ፤ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ለማቆየት እንሞክራለን። «በሸምበቆ ቀዳዳ እንደ ማየት ነው» ብሎ ለሰሎሜ አስረዳት። «ፊት ለፊት ያያል። ከጎንና ከእግሩ ሥር ግን ምንም የለም።» ሰሎሜ ታዘበውን ዞራ አየችው፤ አልደነገጠም። የሚያውቀውን ነገር እንደተነገረው ሰው ፈገግ ብሎ ነበር። እጁ በሰው ትከሻ ላይ መዋል ከጀመረ ዓመታት ማለፋቸውን ያን ጊዜ ቆጠረች።

በመልሱ አውቶቡስ ላይ በጆሮዋ ተናገራት። «ለማንም አትነግሪም። ለወንድሜም ቢሆን።»

«ለምን? ይረዱህ ነበር።»

«እኮ። አሁን ትከሻ ሲሰጡኝ ተረቴን ሊሰሙ ነው። ካወቁ ሊመሩኝ ይሰጡኛል። ያን ጊዜ ማንም ተረቴን አይሰማም፣ ሰሎሜ፤ ዓይኔን ነው የሚሰማው።» ከዚያ አስማላት። እሷም ማለች፤ ሁለተኛም አላነሡት።

አሁን ወደ ቢያድግልኝ ሄደች። ከድንኳኑ ወጥቶ ግንድ ላይ ብቻውን ተቀምጦ አገኘችው።

«ቢያድጌ፣ ያን ጃኬት አውልቀው። ይሞቃል።»

«በርዶኛል፣ እታለም።»

«ፋንታ አልገፋውም።»

«ነበርሽ?»

«አልነበርሁም።»

«ታዲያ አንድ ነገር ንገሪኝ።» ቀና ብሎ አያት፤ ዓይኑ እንቅልፍ ካየ ሰንብቷል። «ወንድሜ ዓይን የለውም? በቀን፣ ሰው እየጠራው፣ እንዴት ገደል ይረግጣል? ይህን ንገሪኝና ጃኬቱን አሁኑኑ አወልቀዋለሁ።»

የምትፈራውን ጥያቄ ራሱ አነሣላት። መልሱ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። የአውቶቡሱ መስኮት፣ የታዘበው ትንፋሽ በጆሮዋ፣ መሐላው ትዝ አላት።

«አዳልጦት ይሆናል» አለች።

«ይሆናል» ብሎ ሳቀ ቢያድግልኝ። ሳቁ ከወንድሙ ሳቅ ጋር አንድ ነበር፤ ያ ነው ያስፈራት። «ይሆናል ብለን እንቅበረው።»

በሰልስቱ ዕለት ድንኳኑ አልበቃም። ከሉማሜ፣ ከደብረ ኤልያስ፣ ታዘበውን አንድ ጊዜ ሰርግ ላይ የሰማ ሰው ሁሉ መጣ። ፍትሐቱ አልቆ ምሳ ሊቀርብ ሲል የቢቸና መምህራን መኪና ከመንገዱ ዳር ቆመ። መጨረሻ የወረደው ፋንታ ነው። እግሩ በጀሶ ታስሯል። ዱላ ተደግፏል።

«ይዞት መጣ» አለ አንድ ሰው።

ቃሏ ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ ሄደች። ወሬው ቆመ፤ ሳህን የሚያድሉት እንኳ ባሉበት ቆሙ። የዱላው ድምፅ ብቻ ጠጠሩ ላይ ይሰማል። ቢያድግልኝ ከፊተኛው አግዳሚ ተነሣ። ማንም ተቀመጥ አላለውም። አጠገቡ የነበሩት ሁለት ሰዎች ቀስ ብለው ተነሥተው ሥፍራ ለቀቁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ሰው ከፊት እንደሚሸሸው።

ሰሎሜ እትዬ አስቻለችን ክንዳቸውን ያዘች።

«ይኸውልዎት» አለች። «ስጪኝ ብለውኝ አልነበር? አያይም ነበር። ታዘበው ከጎኑ አያይም ነበር። ትከሻ የሚይዘው እየተመራ ነው። አሁን ይበሉት፤ ቶሎ ይበሉት!»

አልቃሿ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። ነጠላቸውን በትከሻቸው ላይ እንደያዙት ጨመቁት። «እኔንም…» አሉ። «ከጊዮርጊስ በር ጀምሮ እስከ ቤቴ። እኔ ደግሞ ለሰው ሁሉ ሳወራ… ታዘበው እኔን አክብሮ ሸኘኝ ብዬ…» ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ብለው ግጥም ነው የሚሆነው፣ ልጄ። ትናንት ዱላውን ጠይቁት ያልሁ እኔ ነኝ፤ ዛሬ ብሽረው ማን ያምነኛል? አንቺ በይው። ለሰው አትንገሪ፤ ሟቹን ራሱን አናግሪው።»

ሐዘንተኛ ሟቹን ቢጠራ ማንም አያቋርጠውም፤ ይህ የአገር ልማድ ነው። ሰሎሜ ከሴቶቹ መካከል ወጥታ በፋንታና በቢያድግልኝ መሐል ቆመች። ድምፅዋ የመማሪያ ክፍል ድምፅ ነበር፤ አልጮኸችም።

«ታዘበው!» አለች።

ድንኳኑ ወደ እሷ ዞረ።

«ታዘበው፣ አስምለኸኝ ነበር። ዛሬ መሐላዬን ላፈርስ ነውና ይቅር በለኝ። ምስጢርህን እጠብቃለሁ ብዬ ባልንጀራህንና ወንድምህን ላጣ አልችልም። ዓይንህ እኮ ሄዶ ነበር፣ ታዘበው። በቀዳዳ ነበር የምታየን። ጎንህ ጨለማ ነበር፤ እግርህ ሥር ምንም አልነበረም። እኔ ብቻ አውቅ ነበር። የክፍልህን ወንበሮች በልብህ ይዘሃቸው ነበር፤ የቤታችንን መንገድ በልብህ ይዘኸው ነበር። የማታውቀው መንገድ ሲመጣ የሰው ትከሻ ትይዝና ተረት ትጀምራለህ። ‹ታዘበው ወዶኝ ያዘኝ› ይላል ሰው። ወደኸዋል። ግን ያለሱ አንድ እርምጃ መሄድ አትችልም ነበር። ማን ነው ያልመራህ? እዚህ ከተቀመጠው ውስጥ ማን ነው፣ ሳያውቅ፣ እየሳቀ፣ ገደል ያላሳለፈህ?»

 ትናንት ለግጥሙ የተንሰቀሰቀው ድንኳን አሁን አላለቀሰም። ከኋለኛው አግዳሚ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ ግራ ትከሻቸው ወሰዱ። አጠገባቸው ያለውም እንዲሁ። ሳሊሃ ከሴቶቹ መሐል ፊቷን በሻሿ ሸፈነች፤ «ሱቄን ልዝጋ ስል ነበር የያዘኝ» ትላለች፣ ለማንም ሳይሆን፤ «‹የዚያችን ሴት ሻሽ ቀለም ንገሪኝ› ይለኝ ነበር፤ ቀልድ መስሎኝ…»

ፋንታ ዱላውን ለቀቀው። መሬት ሲወድቅ ማንም አላየውም።

«እኔ ነኝ» አለ።  «እኔ ነኝ እጁን ከትከሻዬ ያወረድሁት። ወንዙን ልለካ፣ እዚህ ቆይ አልሁት። ‹ውረድ፣ እሰማሃለሁ› አለኝ። ታች ሆኜ ‹ታዘበው፣ በዚህ ነው› ብዬ ጠራሁት። መንገዱ ይዞራል፣ ታውቃላችሁ፤ መጠምዘዝ አለበት። እሱ አልተጠመዘዘም። ወደ ድምፄ ቀጥ ብሎ መጣ። እየሳቀ ነው የመጣው።»

ቢያድግልኝ ፊቱ ቆሞ ነበር። ክንድ ቢዘረጋ ይነካዋል። እጁ ከጃኬቱ ውስጥ አልወጣም፤ ሰሎሜ የምታየው ያን እጅ ብቻ ነው። 

«ለፋሲካ መጥቶ ከብቱን ላሳየው ወሰድሁት» አለ ቢያድግልኝ በመጨረሻ። «ትከሻዬን ያዘ። ‹ልጅ ነኝ እንዴ፣ ልቀቀኝ› አልሁት። ለቀቀኝ። እዚያው ቆሞ ቀረ። ኮርቶብኝ መስሎኝ ትቼው ሄድሁ።» እጁ ወጣ፤ ባዶ ነበር። በዚያው እጁ የፋንታን ክንድ ያዘ። «ያ እግር ይቆማል እንዴ? ና ተቀመጥ።»

ያን ጊዜ ነው ለቅሶው የመጣው። ግጥም አልነበረውም። እትዬ አስቻለች ከዳር ሆነው እንደ ማንኛዋም ሴት አለቀሱ፤ አንድ ስንኝ አላወጡም።

ምሳው ተነሥቶ ሰው መበተን ሲጀምር ሳሊሃ ዓይኗን እየጠረገች መጣች። «የዚህ ድንኳን ሰው ሰምቷል» አለች። «የየጥኖራዋ ሴትዮስ? ትናንት በአውቶቡስ ሄደች እኮ። ያኛው ወሬ ከሷ ጋር ተሳፍሯል፤ የዛሬው ገና ጫማውን እያሰረ ነው።»

ሰሎሜ ይህን አስባ ነበር። ዛሬ የተናገረችውን ለማመን ታዘበውን ማወቅ ያስፈልጋል፤ የዱላውን ወሬ ለማመን ግን የከዳ ጓደኛ ያለው መሆን ይበቃል። እንዲህ ያለ ሰው በየመንደሩ አለ። የታዘበውን ስም ሰምቶ የማያውቅ የማንም ሰው ወንድም፣ አንድ ቀን በአንድ መንገድ ላይ፣ የሚያነክስ የሒሳብ መምህር ሊያይ ይችላል።

ሽማግሌዎቹም ይህን ሳይነጋገሩ ተነጋግረውበታል። ፋንታ ብቻውን እንዳይመለስ ተባለ። ቢያድግልኝ «እኔ አደርሰዋለሁ» አለ። መኪናው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጃኬቱን አላወለቀም። አሁን ፋንታን ሊጠብቅ እንደለበሰው ሰሎሜ ተረድታለች፤ ሆኖም መኪናው ከጠመዝማዛው ዞሮ እስኪጠፋ ድረስ ዓይኗን ከላዩ አላነሣችም።

«ሰሎሜ፣ ግቢ እንጂ» አሉ እትዬ አስቻለች ከቤቱ ውስጥ። «ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስሽም።»

ሰሎሜ ወደ ቤቱ ሄደች። ግቢው ባዶ ሆኗል፤ ፀሐይዋ በሩ ላይ ናት። ደፉ ጋ ስትደርስ እርምጃዋን ቀነሰች፣ ግራ ክንዷን ከጎኗ ትንሽ ከፈት አደረገች፣ ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ በለሆሳስ «ደፍ አለ» አለች፤ እንደ ድሮው የታዘበው እግር ከጎኗ እስኪነሣ ያህል ጠብቃም ገባች።